ባለ ሁለት ቁልፉ መጋዘን

መጀመሪያ የሐጂ ሰላሕ ጓጉንቸር ተከፈተ። ቀጥሎ የአለቃ ወልደ ገብርኤል። የብረቱ በር ሲገፋ ዘበኛው ዘበነ ከማሽላው ጆንያ ሥር በደረቱ ተደፍቶ፣ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቆ ተገኘ። ማክሰኞ ቀን ነው፤ መጋቢት ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በሩ ፊት ሦስት መቶ ሰው ጣሳውን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ማንም አልጮኸም። ለመጮህ ጉልበት የተረፈው ሰው አልነበረማ! ከዋግ ቆላ፣ ከዝቋላ የመጣች አንዲት ሴት ብቻ፣ «ዛሬ ንፍሮው ቀረ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

መቶ አለቃ አሥራተ ማርያም ይህን የሰማው በማግስቱ ጧት ነው። ለከብት ስርቆት ምርመራ ደሃና ወርዶ ሰንብቶ፣ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ አሥር አለቃ ምንዋጋው ልጓሙን ያዘና አንድ በአንድ ነገረው።

«ቁልፎቹ ተሰብረዋል?»

«አንዳቸውም አልተነኩም፣ ጌታዬ።»

«መስኮትስ?»

«መጋዘን መስኮት አለው እንዴ?»

አሥራተ ማርያም ከበቅሎው ወረደ። መጋዘኑን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጣሊያን ሠርቶት ሲሄድ ለማዘጋጃ ቤቱ ቀረ፤ ዓመታት የሌሊት ወፍ ሲያድርበት ኖሮ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት በዓመት አንድ ብር ለመረዳጃ ማኅበሩ ተከራየ። ማኅበሩ የክርስቲያኑም የእስላሙም ነው፤ የሁለቱንም ሬሳ ያነሣል። ያኛው ወገን ያለዚህኛው እንዳይከፍት ተብሎ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠለጠለ፤ አንዱ ቁልፍ ከአለቃ፣ አንዱ ከሐጂ አንገት አይወርድም። ዘንድሮ ዝናቡ ሲከዳ፣ የዝቋላ ሰው ፍየሉን ጨርሶ ወደ ከተማ ሲፈስ፣ የማኅበሩ ሴቶች የለቅሶውን ድንኳን ወደ ጥግ ገፍተው እህል አስገቡበት፤ ግቢው ውስጥ በርሜል ጣዱ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሦስት መቶ ሰው ይበላል። ከዚያ ውጭ አንድ የሚያበላ አልነበረም። አንድም!

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ። ማኅተሙ ወይን ጠጅ ቀለም ነው። «በውሉ አንቀጽ ሰባት መሠረት፣ በቤቱ ውስጥ ወንጀል የተፈጸመ ስለሆነ ኪራዩ ፈርሷል። ማኅበሩ እስከ ቅዳሜ ቤቱን ባዶ አድርጎ እንዲያስረክብ።» ከሥሩ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ የአቶ ተስፋው ፊርማ አለ።

«ሬሳው ገና ሳይቀበር?» አለ አሥራተ ማርያም።

«ሬሳው ገና ሳይነሣ ነው የተለጠፈው፣ ጌታዬ።»

ምራቁን እንትፍ አለና ገባ።

የመጋዘኑ ወለል ሲሚንቶ ነው። ዘበነ ወድቆበት የነበረው ቦታ የእጅ መዳፍ የማታህል ደም ብቻ አለች። የራስ ቅሉ የተከፈለ ሰው ደሙ ይኼው ነው? ሬሳውን ሄዶ አየው። ሁለቱ ተረከዞች ተልጠዋል፤ ልጣጩ ላይ አመድ ተለጥፏል። ተመልሶ ግቢውን በእግሩ እየለካ ዞረ። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ምድጃ በሌለበት ቦታ፣ ቁና የሚሞላ አመድ ተደፍቷል። በእንጨት ጫረው። ከሥሩ አፈሩ ጠቁሮና ረግቶ ተገኘ።

«ውጭ ገድለው ነው ያስገቡት» አለ ምንዋጋው ዓይኑ ፈጦ።

«ለምን?»

«ለመደበቅ ነዋ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ሰው ፊት የሚከፈት ቤት ውስጥ ሰው ይደብቃል? ገደሉ ቅርብ ነው፤ ወንዙ ቅርብ ነው። ደሞ በሁለት ቁልፍ የተዘጋ ቤት! ምን ቢያሳስበው ነው ይህን ሁሉ የደከመው?»

ምንዋጋው አመዱን ደግሞ ጫረው። አሥራተ ማርያም እየተናደደ ወደ ጣቢያው አቀና።

* * *

የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ግን መልስ ነበረው። ሁለቱን ባለቁልፎች ማክሰኞ ማታውኑ አስሯል።

«ቁልፍ ያለው ማን ነው? እነሱ። በቃ! ጨርስና ፈርምልኝ» አለው። «ሰኞ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ከተማው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃቸው ተብሏል።»

አሥራተ ማርያም ወደ እስር ክፍሉ ሄደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ቁርበት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከሐጂ ሰላሕ ፊት ያልተነካ እንጀራ አለ።

«ለምን አልበሉም፣ ሐጂ?»

«ይሄ ሽማግሌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ፊቱ ቁጭ ብዬ ላላምጥበት?»

«ብላ ብዬው የለ!» አሉ አለቃ ወልደ ገብርኤል። «እኔን ለማስኮነን ነው እንጂ!»

አሥራተ ማርያም ሳቁ መጣና መልሶ ዋጠው። «ማክሰኞ መጋዘኑን ማን ዘጋው?»

«ሁለታችን ነን፤ አራት ሰዓት ላይ» አሉ ሐጂ። «ሙሄ ሞቶ ወደ ቀብር ልንሄድ። ሙሄን ታውቀዋለህ፤ ከገበያ እህሉን በአህዮቹ በነጻ ያመላልስልን የነበረው። ዘበነን በር ላይ ትተን ሄድን። የሙሄን ሬሳ ያጠብሁት እኔ ነኝ፤ አገር ይመስክር።»

«የተቸገሩትስ? ግቢው ባዶ ነበር?»

«ቀብርተኛውን ተከትለው ሄዱ። ከሟች ቤት ሰደቃ ይሰጣል፤ ማን ይቀራል?»

«እርስዎስ፣ አለቃ?»

«ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሜ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው። እነሱም የኛ ሰው ሲቀበር እንደዚያው ይቆማሉ።»

«ቁልፍዎን አውልቀው ያውቃሉ?»

አለቃ ከማተባቸው ጋር የታሰረውን ቁልፍ ጎትተው አሳዩት። «ከዚህ የሚወርደው አንገቴ ሲወርድ ነው።»

አሥራተ ማርያም የበሩን ወረቀት አስታወሰ። «አንቀጽ ሰባት ምን ይላል?»

ሁለቱ ተያዩ።

«የምን አንቀጽ?» አሉ ሐጂ።

* * *

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ምንዋጋው እየሮጠ መጣ። «ተገኘ! አስማረ የሚባል የዝቋላ ሰው ሰኞ ዕለት ሁለተኛ ጊዜ ተሰልፎ ዘበነ ገፍትሮ አስወጥቶታል። አስማረም ‹ጠብቅ!› ብሎ ዝቶበት ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ደግሞ ያየው የለም!»

በበቅሎ በዝቋላ መንገድ ሦስት ሰዓት ያህል ወረዱ። አስማረን ከደረቀ ወንዝ ዳር ተቀምጦ አገኙት። አጠገቡ በድንጋይ የተከበበች አጭር መቃብር አለች። አሥራተ ማርያም በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ አናገረው፤ ሰውየው አማርኛው እምብዛም ነው።

«ማክሰኞ የት ነበርህ?»

«ልጄን ተሸክሜ እየመጣሁ ነበር። ሰኞ ሁለተኛ ጣሳ የጠየቅሁት ለሷ ነው። እዚያ ልቀብራት አልፈለግሁም፤ እናቷ እዚህ ናት።» እጁን አነሣ። ጥፍሮቹ ተነቅለዋል። «በምን ልቆፍር? በእጄ ነው የቆፈርሁት።»

ከአካባቢው ሁለት እረኞች ማክሰኞ ቀትር ላይ ድንጋይ እንዳቀበሉት መሰከሩ። አሥራተ ማርያም ስንቁን በሙሉ አውጥቶ አስማረ ፊት አስቀመጠና ሽቅብ መንገዱን ያዘ። ይህን ሰው ሊያስር ነበር የመጣው! በሰንሰለት! ራሱን በጥፊ ቢመታ ደስ ባለው።

* * *

አቶ ተስፋው ጫማው እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ቃሉ የታረመ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠው።

«በጣም ያሳዝናል፣ መቶ አለቃ። ግን ውል ውል ነው።» ሰነዱን ዘረጋው። አሥራተ ማርያም አነበበ። አንደኛው ስለ ኪራዩ፣ ሁለተኛው ስለ ጽዳቱ፣ ሦስተኛው ኖራ ስለ መቀባት... ሰባተኛው፦ «በቤቱ ውስጥ ወንጀል ተፈጽሞ ቢገኝ ውሉ ወዲያውኑ ይፈርሳል።» ከሥሩ የአምስት ሰዎች የአውራ ጣት አሻራ።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ። የማዘጋጃ ቤቱን ንብረት የመጠበቅ ግዴታ አለብኝ።»

«ቅዳሜ እህሉ የት ይውደቅ? ሰዎቹስ?»

«ወደየአገራቸው ይመለሱ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ችግሩ ተጋኗል። ትንሽ የዝናብ መዛነፍ ነው፤ እኛም ለበላይ ይህንኑ ጽፈናል።»

አሥራተ ማርያም ጥርሱን ነከሰ። የዚያች በድንጋይ የተከበበች መቃብር አቧራ ገና ከጫማው አልረገፈም። «ለደንቡ ያህል» አለ፣ «ማክሰኞ ቀን የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? ከሙሄ ቀብር ነዋ። ከአራት ሰዓት ጀምሬ አፈሩ እስኪመለስ ቆሜያለሁ። ያቺ ምስኪን ሐሊሜ መቃብሩ ላይ ወድቃ ባሏን ስትጣራ፣ አንጀቴ ተላወሰ።»

አሥራተ ማርያም ይህንንም ጻፈና ወጣ።

የማኅበሩን ሊቀ መንበር እትዬ አገኘሁሽን በርሜሉ አጠገብ አገኛት። እጀታዋን ሰብስባ በትልቅ ማማሰያ ታማስላለች፤ ንዴቷን በማሽላው ላይ የምትወጣ ይመስላል።

«እትዬ፣ ውሉን ስትፈርሙ አንቀጽ ሰባት ተነቦላችኋል?»

«ሰባት? ስድስት ነው።»

«ሰባት ነው፤ አሁን አንብቤው መጣሁ።»

«ስማኝ፣ መቶ አለቃ! ፊደል አልቆጠርሁም፤ ጣቴን ግን እቆጥራለሁ። ተስፋው አንድ ባነበበ ቁጥር አንድ ጣት አጠፍሁ። አንድ እጅ ሞላ፣ ከሌላው አንድ ጣት ታጠፈ። ከዚያ ‹አሻራ አኑሩ› አለን፤ አኖርን። ስድስት!»

አሥራተ ማርያም ባለበት ቆመ። ሬሳውን ያስገባው ሰው ‹በቤቱ ውስጥ› የምትለዋን ቃል ያወቀ ሰው ነው። ለዚህ ነው የደከመው። እነዚህ ሽማግሌዎች ቃሏ መኖሯንም አያውቁም። የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ግን ከቀብር ነበርሁ ይላል።

* * *

አመሻሹ ላይ ሐሊሜን ሊያጽናና ሄደ። ቀብሩን አልደረሰም፤ ሳይደርሱ መቅረት ደግሞ ነውር ነው። መደብ ላይ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እማ ሐሊሜ። ደሃና ሆኜ ነው የቀረሁት። መቃብሩ ላይ በጣም እንደተጎዱ ሰማሁ።»

ሐሊሜ ቀና አለች። «መቃብሩ ላይ? ማን ወሰደኝ?»

«አልሄዱም?»

«ኧረ ምን ነካህ ልጄ! እኛ ዘንድ ሴት ሬሳ ተከትላ ትወጣለች እንዴ? ከደጄ ሸኘሁት። ከዚህ መደብ ይኼው አልተነሣሁም።»

ሌሎቹ ሴቶች ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሥራተ ማርያም ፊቱ በሀፍረት ጋለ። እነሐጂ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ስንት ጊዜ ከዚያ አጥር ውጭ ቆሟል! አንዲት ሴት አይቶ አያውቅም። ግን በእሱ ወገን ቀብር ሚስት መቃብሩ ላይ ሳትወድቅ አይቀበርም፤ ስለዚህ የተስፋው ወሬ ጆሮውን ሳይቧጥጠው አለፈ። ተስፋውም ያላየውን ቀብር ሲፈጥር የፈጠረው የራሱን ወገን ቀብር ነው።

«አቶ ተስፋው መጥቶ ነበር?»

«ማምሻውን ድንኳኑ ጋ ብቅ ብሏል ይሉኛል።»

* * *

ዓርብ ጧት ምንዋጋው የማዘጋጃ ቤቱን የዕቃ ግምጃ ቤት ፈተሸ። ቁልፉ የሚቀመጠው ከጸሐፊው ዘንድ ነው። ለመንገድ ሥራ የሚያገለግሉ አራት ዲጅኖዎች፣ ከባድ የብረት መቆፈሪያዎች፣ አሉ፤ ሦስቱ በአቧራ ተሸፍነዋል። አራተኛው ታጥቧል። ጫፉ ላይ ግን እንደ መጋዘኑ በር ያለ አረንጓዴ ቀለም ተቧጭሮ ቀርቷል።

ስድስት ሰዓት ላይ አሥራተ ማርያም ተስፋውን መጋዘኑ በር ላይ አስጠራው። ሁለቱን ሽማግሌዎችም ከእስር አስመጣ። እትዬ አገኘሁሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ቆማለች።

«ቆልፉት» አለ አሥራተ ማርያም። ሐጂ ቆለፉ። አለቃ ቆለፉ። «ይጎትቱት፣ አቶ ተስፋው።»

«ይህ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?»

«ይጎትቱት!»

ጎተተው። አልተነቃነቀም። ከዚያ ምንዋጋው ዲጅኖውን ከአረንጓዴው በር ሥር በማጠፊያው በኩል ሰካና በትከሻው ተጫነው። በሩ ሁለት ጣት ያህል ሽቅብ ተነሣ፤ ከማጠፊያው ሾህ ወጣ፤ ጓጉንቸሮቹ እንደተዘጉ በእነሱ በኩል ዞሮ ተከፈተ። ሐጂ ሰላሕ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ። አለቃ አማተቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንገታቸው ያንጠለጠሉት ቁልፍ የማንንም እጅ አልከለከለም።

«ቤቱ ሲከራይ ይህን በር ያስጠገነው ማን ነው?» አለ አሥራተ ማርያም። «እርስዎ። ይህ ዲጅኖ ተቆልፎ የሚቀመጠው የት ነው? እርስዎ ዘንድ። ሰባተኛውን አንቀጽ ማን ያውቃል? እርስዎ ብቻ! ደሞ ሐሊሜን መቃብር ላይ አዩዋት! ሐሊሜ ከቤቷ አልወጣችም፣ ጌታው! የእስላም ሴት ለቀብር አትወጣም!»

ተስፋው የሽማግሌዎቹን ፊት አየ። ከዚያ ያ የታረመ ቃሉ ጠፋ።

«እህሉን አፍስሼ ስርቆት ላስመስል ነበር! ሌላ ምንም! ዘበኛው ቀብር የሄደ መስሎኝ... ከጀርባ መጣብኝ። ‹እሪ እላለሁ› አለ። ምን ላድርግ? ሰኞ እንግዶቹ ይመጣሉ! ‹በዋግ የተራበ ሰው የለም› ብዬ በፊርማዬ ልኬያለሁ! ሦስት መቶ ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ ቤት ደጅ ጣሳ ይዞ ቢያዩ ምን እሆናለሁ?»

«እና ሬሳውን ጎትተህ አስገባኸው» አለ አሥራተ ማርያም። አንቱታው አለቀ። «የገደልኸው ሰው ሬሳ እንኳ ለአንቀጽህ እንዲሠራልህ!»

እትዬ አገኘሁሽ ማማሰያዋን አነሣች። ምንዋጋው በመካከል ባይገባ ኖሮ በዚያ ቀን ሁለተኛ ምርመራ ይከፈት ነበር።

* * *

ሻምበሉ የእምነት ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ጎበዝ» አለ በቀዘቀዘ ድምፅ። «ሽማግሌዎቹ ይፈቱ። ቤቱ ግን ነገ ይለቀቃል።»

«ምን አሉኝ?»

«አንቀጹ ወንጀል ተፈጽሞ ቢገኝ ይላል እንጂ ማን ፈጸመው አይልም።»

«ሰውየው የተገደለው ውጭ ነው!»

«የተገኘው ውስጥ ነው። መቶ አለቃ፣ ሰኞ እንግዶች አሉብኝ። ሰዎቹ ወደ ወንዙ ማዶ ይወሰዱ። ሂድ!»

አሥራተ ማርያም ወጣ። ነፍሰ ገዳዩ ታስሮ፣ ነፍሰ ገዳዩ የፈለገው ነገር ሊፈጸም! ይህን ሁሉ የለፋው ለዚህ ነው? ዓርባ እርምጃ ያህል ሄደና ቆመ። ተመልሶ ቢሮው ገባ፣ ወረቀት አወጣ፣ ማኅተም አወጣ።

ቅዳሜ ጧት የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ቤቱን ሊረከቡ ሲመጡ፣ በተስፋው ወረቀት ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎ አገኙ። «ይህ ቤት፣ በውስጡና በግቢው ያለው ዕቃ ሁሉ፣ ለዘበነ ግድያ ክስ ኤግዚቢት ነው። ፍርድ ቤት ውሳኔ እስኪሰጥ አንዳች ነገር ከነበረበት አይለወጥ። ለጥበቃው ወይዘሮ አገኘሁሽ ተሹመዋል።»

ሻምበሉ እየጮኸ መጣ። «እሺ፣ ታሽጓል! ታዲያ ይህ እሳት ምንድን ነው? ይህ በርሜል ለምን ይፈላል?»

«ከነበረበት አይለወጥ ነው የሚለው፣ ሻምበል» አለ አሥራተ ማርያም። «ወንጀሉ በተፈጸመበት ጊዜ ይህ ቤት በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ያበላ ነበር። ያንን ማቆም ማስረጃ ማጥፋት ነው። ክሱ ትናንት ለዐቃቤ ሕግ ተልኳል፤ ቁጥር አለው። አንሣ ካሉ በፊርማዎ ይዘዙኝ።»

ሻምበሉ ፊርማ የምትለዋን ቃል ሲሰማ ኮፍያውን ደፍቶ ተመለሰ።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሁለት ላንድሮቨር አቧራውን እያስነሡ ደረሱ። ሰልፉ ከመጋዘኑ በር ተነሥቶ እስከ መንገዱ ደርሷል፤ መኪኖቹ ማለፊያ አጡ። ከፊተኛው ባለ ባርኔጣ ሰው ወረደ። ሻምበሉ ከኋላው እየተንደረደረ «ለማኞች ናቸው፣ ጌታዬ፣ አሁን እናስነሣቸዋለን» ይላል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» ሲል ባለ ባርኔጣው አሥራተ ማርያምን ጠየቀው።

«የግድያ ምስክሮች ናቸው፣ ጌታዬ። ሳይጠየቁ ከዚህ እንዳይነሡ አግጃለሁ።»

«ይህ ሁሉ ሰው?»

«በወንዙ ዳር በእጁ ልጁን የቀበረ አንድ ሰው ደግሞ አለ። እሱንም አስጠራዋለሁ። ‹የተራበ የለም› የሚለው ደብዳቤ እርስዎ ዘንድ ነው መሰለኝ፤ እሱም ለክሱ ስለሚያስፈልግ ይስጡኝ።»

ሰውየው ቦርሳውን በደረቱ አስጠግቶ ያዘ። ከሰልፉ ግን አንዲት ሴት ጣሳዋን እንደያዘች ወደ እሱ ቀረበች፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ፤ ከዚያ ሌሎች። ማንም አልነካውም። ከበው ቆመው ብቻ ያዩት ጀመር።

በማግስቱ አሥራተ ማርያምን ወደ ሌላ አውራጃ የሚያዛውር ደብዳቤ መጣ። ዕቃውን በበቅሎ ጭኖ በመጋዘኑ በኩል ሲያልፍ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ እትዬ አገኘሁሽ ለሦስት መቶ አስራ ሁለት ሰው እያደለች ነበር።